ተፈጥሮዋ አይደለም

«እሷ እንኳ ደስ ባላት ነበር እትዬ ካሰች፤ ግን ተፈጥሮዋ አይደለም። ከባድ ናት፣ ዝግ ያለች ናት። ጥፋቷ አይደለም፣ ሲፈጥራት እንዲህ አድርጎ ነው። ሶ፣ አስፋውን ቢያመጡት ለእርስዎም ለእሷም ይሻላል።»

ብርሃኑ ይህን የተናገረው የስልኩን ረጅም ገመድ እስከ ኩሽናው በር ጎትቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ሚስቱ አምሳለ ገላዋን እየታጠበች ነበር፤ የውሃው ድምፅ ከግድግዳው ጀርባ ይሰማል። የአምሳለ ታናሽ እህት ፋና ግን ሳሎን፣ ሌሊት አልጋ ቀን ሶፋ በሚሆነው ዕቃ ላይ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ስባ ነቅታለች። ስለምን እንደሚያወራ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። እትዬ ካሰች ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። ጉልበታቸው ከድቷቸው ወጥ ቤት መቆም ሲያቅታቸው፣ ለዓመታት ወጣቸውን ስትሠራ ለኖረችው ለአምሳለ «ግማሹን ያዢውና አብረን እንሥራ» አሏት። እሷ ካልፈለገች ዋሽንግተን ያለውን የወንድማቸውን ልጅ አስፋውን ሊያመጡ ነው። መልሱን የሚጠብቁት ዛሬ ቅዳሜ ነው። አምሳለ ደግሞ ትናንት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ለፋና «እሺ ልላቸው ነው» ብላታለች። ፋና እህቷ ለራሷ የሚሆን ነገር ስትፈልግ ያየቻት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አሁን ባልየው ውሃው እስኪዘጋ እንኳ ሳይጠብቅ በእሷ ስም እምቢ አለላት፤ ስልኩንም እንደ ሌባ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ነገሩ የጀመረው በብርሃኑ ጨጓራ ነው። የዛሬ ዓመት ግድም የታክሲውን መሪ በአንድ እጁ፣ ሆዱን በሌላው ይዞ ነበር የሚነዳው። ሐኪም ቤት የሰጡት ነጭ ፈሳሽ ጥቂት ያስታግስለትና ተመልሶ ያቃጥለዋል። አንድ ቀን ከኤርፖርት የጫነው ሕንዳዊ ሽማግሌ ሁኔታውን አይቶ፣ ጋርዴና ውስጥ ሚስስ ራኦ የሚባሉ ሴት አሉ፣ አዩርቬዳ የሚባለውን የአገራችንን የጥንት ሕክምና ያውቃሉ ብሎ አድራሻቸውን ሰጠው። ሚስስ ራኦ የእጁን የደም ምት በሦስት ጣታቸው አዳምጠው፣ ምላሱን አይተው «አንተ ፒታ ነህ፣ እሳት በዝቶብሃል» አሉት። ቡናውን፣ በርበሬውን፣ የኮመጠጠውን ሁሉ አስተዉት። ሩዝ በምስር፣ ዱባ፣ ኪያር፣ የእንስላል ሻይ አዘዙለት። ብርሃኑ ዳነ። ይህን ፋናም አትክደውም፤ ሌሊት ሌሊት መታጠቢያ ቤት ሲያቃስት የምትሰማው እሷ ነበረችና። ችግሩ፣ የዳነው ሰው በራሱ ሆድ አለማቆሙ ነው። በእሱ አነጋገር ሰው ሁሉ ከሦስት ዓይነት አንዱ ነው። ንፋስ የበዛበት ቫታ ይባላል፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ እንቅልፍ የለሽ ነው። እሳት የበዛበት ፒታ ነው፤ ብልህ፣ ቁጡ፣ ረሃብ የማይችል። አፈርና ውሃ የበዛበት ካፋ ነው፤ ደልደል ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ብዙ የሚተኛ። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁትን ባለታክሲዎች አንድ በአንድ መድቦ ጨርሷል። የእትዬ ካሰችን አስተናጋጅ ተስፋሁንን «አንተ ንፋስ ነህ» ቢለው፣ «ተው እንጂ፣ ንፋስማ ብሆን ኖሮ ሂሳብ ሳይከፍል የሚወጣውን ሁሉ ሮጬ እይዝ ነበር» ብሎ ቤቱን አስቆታል። ብርሃኑ ግን አልሳቀም። ሃይማኖት እንደ ለወጠ ሰው፣ በዚህ ነገር መቀለድ አይወድም።

ባለፈው ወር ሚስቱን ጋርዴና ወሰዳት። እንግሊዝኛዋ የወጥ ቤት እንግሊዝኛ ስለሆነ አስተረጎመላት። ስትመለስ ካፋ ሆና መጣች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ይቀሰቅሳታል፤ ዝንጅብል የተቀቀለበት ሙቅ ውሃ ትጠጣለች፤ ካፋ ቁርስ አያስፈልጋትም። ቀን የተቆላ ገብስ በላስቲክ ቋጥሮ ይሰጣታል። ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ ጣፋጭ የለም፣ በዕረፍት ቀኗም ጋደም ማለት የለም። ቀሚሷ ሰፍቷት ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። «አየሽ፣ ሠራላት!» ይላል ብርሃኑ። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ «ካፋ ናት» ሲል ፋናም በልቧ እንዴት ገጠመላት ብላ ነበር። ከዌስትውድ፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ በሁለት አውቶቡስ ስትመለስ የምታገኛት አምሳለ ሶፋው መደገፊያ ላይ እግሯን ሰቅላ የምትተኛ፣ ሲያናግሯት አንድ ቃል የምትመልስ ሴት ናት። ፋና በአሥራ አንድ ዓመት ታንሳታለች፤ እዚህ አገር የመጣችውም በእሷ ስፖንሰርነት ነው። ሌላ አምሳለ አታውቅም።

ቁርስ ላይ ብርሃኑ ሦስት ቦታ አቀረበ። ለራሱ ሩዝ፣ ለፋና ዘይት የበዛበት ገንፎ፣ ለአምሳለ ዝንጅብሏን። ፋናን ቫታ ብሎ መድቧታል፤ ቫታ ዘይትና ሙቅ ነገር ትፈልጋለች ተብሎ ነው ገንፎው። ፋና ገንፎ አትወድም፤ የሰፈራቸው የዌስት አዳምስ ሙቀት ደግሞ ገና በጠዋቱ መስኮቱን ሲያፍነው ጭራሽ አስጠላት። ከኦሎምፒኩ ጊዜ የተረፈች ካናቴራውን ለብሶ በእርጋታ የሚያኝከውን የእህቷን ባል ስታየው ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጋሼ ብርሃኑ፣ ጠዋት ለማን ነው የደወልከው?»

«ለሥራ።»

«ሥራው እትዬ ካሰች ይባላል?» አለችና ወደ እህቷ ዞረች። «አምሳልዬ፣ አትሆንም፣ አስፋውን አምጡ ብሏቸዋል። ተፈጥሮዋ አይደለም ብሏቸዋል። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ብርሃኑ አልካደም፤ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ለራሷ ብዬ ነው። ሚስስ ራኦ ያሉትን እሷም ሰምታለች። ካፋ ሰው ሸክም ሲበዛበት ይሰምጣል። አሁን እንኳ እቤት የምትገባው ሬሳ ሆና ነው። ባለቤት ከሆነች ደግሞ ማን ያያታል? እኔ ባላንስ ነው የምፈልገው። እቤታችን ሚዛን ይኑረው ነው የምለው። ይሄ ሃጢአት ነው?»

አምሳለ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ውስጡን ታያለች። ፋና ጠበቀች። ትጩህ፣ ብርጭቆውን ትወርውር፣ ቢያንስ «ለምን?» ትበል። አምሳለ ግን ዝንጅብሏን ጨርሳ ተነሳች፤ ብርጭቆዋን አለቀለቀች። «ቀጠሮው እንዳያልፍ» አለች፤ «ልብስ ልበሱ።» ሚስስ ራኦ ዛሬ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተመለሱ ብለዋቸው ነበር። ፋና ከንዴቷ የተነሳ ጫማዋን ያለካልሲ አደረገች። «እኔም እሄዳለሁ» አለች። «ዛሬ የማስተረጉመው እኔ ነኝ።» ብርሃኑ «አስተርጓሚ አላት» ቢልም አልሰማችውም፤ ወርዳ ታክሲው አጠገብ ቆመች።

መንገዱን ሙሉ ብርሃኑ የድርጅቱን ሬዲዮ ዘግቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ ድራይቭ ያደርጋል፤ አምሳለ ጎኑ ተቀምጣ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች ትዘጋለች። ፋና ከኋላ፣ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት፣ የሁለቱን ማጅራት እያየች ትነድዳለች። ፍሪዌዩ ተጨናንቆ ቆመ። በቆሙበት አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አጠገባቸው ያንኮራፋል። እህቷ ዘንድ ያለው ዝምታ ምን እንደሆነ ፋና መለየት አልቻለችም። ፍርሃት ነው? ስንፍና ነው? ወይስ እውነትም ይሄ አፈርና ውሃ የሚሉት ነገር ነው? ፐብሊክ ሄልዝ እማራለሁ የምትል ሴት በቆመ መኪና ውስጥ ስለ አፈርና ውሃ ማሰቧ ራሱ አናደዳት። ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ፌርፋክስ መድረስ አለባቸው። ቅዳሜ ምሳ የምግብ ቤቱ ከባድ ሰዓት ነው፤ እትዬ ካሰችም መልሱ በባል አፍ ደርሷቸው ተቀምጠዋል።

የሚስስ ራኦ ቤት በመኪና ቀለም ቀቢና በአንድ ጃፓናዊ ችግኝ መሸጫ መካከል ያለች ትንሽ ቤት ናት። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ፋና ካልሲ ባለማድረጓ ተጸጸተች። ሴትዮዋ ስልሳን ያለፉ፣ ሽበታቸውን ወደ ኋላ የጎነጎኑ፣ ሳሪያቸው ላይ የወንድ ሹራብ የደረቡ ናቸው። ክፍሉ አብሽ አብሽ፣ እርድ እርድ ይሸታል። አምሳለን ትንሽ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጡ፤ ፋና ጎኗ፣ ብርሃኑ በሩ ጋ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሚስስ ራኦ መነጽራቸውን አደረጉና ጠየቁ፤ ፋና ተረጎመች።

«እንቅልፍሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምግብስ ይስማማሻል?»

«ይመስገነው፣ ደህና ነኝ።»

«በየቀኑ ዓይነ ምድር ትወጪያለሽ?»

አምሳለ ወደ ባሏ፣ ወደ እህቷ፣ ከዚያ ወደ ምንጣፉ አየች። «ደህና።»

ራስ ምታት፣ ደህና። የወር አበባ፣ ደህና። ሐሳብ ይበዛብሻል ወይ፣ ደህና፣ ለእናንተም ጤና ይስጣችሁ። ፋና ይህንኑ አንድ ቃል በእንግሊዝኛ እየደጋገመች ስትናገር የሞኝ ሥራ እንደ ያዘች ተሰማት። «አምሳለ፣ ሴትዮዋ እኮ ሰላምታ እየሰጡሽ አይደለም! እየጠየቁሽ ነው!»

«መለስኩ እኮ» አለች አምሳለ።

«አየሽ?» አለ ብርሃኑ ከበሩ ጋ፣ እጆቹን ዘርግቶ። «ያኔም እንዲህ አለች። እኔ ነኝ የሞላሁላቸው።»

ፋና ዞረች። «ምን ብለህ ሞላኸው?»

«ያየሁትን ነዋ! እቤት ስትገባ ትተኛለች፤ ብታናግሪያት አትመልስም፤ ጠዋት ቀስ ብላ ነው የምትነሳው። እግሯ ያብጣል። ዋሸሁ እንዴ? አንቺስ ሌላ አይተሻል?»

ፋናም ሌላ አላየችም። ስለዚህ የተባለውን ሁሉ ለሚስስ ራኦ ቃል በቃል ተረጎመችላቸው። ሴትዮዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ብርሃኑን በቀን ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ጠየቁት። አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ አላቸው። ቆማ? ቆማ። እሳት ፊት? ወጥ ቤት ናት፣ አዎ። «ይህን ያኔ አልነገርከኝም» አሉት። «አልጠየቁኝም» አለ። ሚስስ ራኦ ግንባራቸውን አሹ። «እሱ አንድ፣ እኔ አንድ» አሉ፤ «ሁለታችንም አጥፍተናል።» ከዚያ ለፋና ቀስ እያሉ ነገሯት። ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ዓይነት አለ፤ እስኪሞት አይለወጥም። ኑሮ የሚያመጣበት ሌላ ነው፤ ያ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይደራረባል። የደከመ ሰው ሁሉ ካፋ ይመስላል። ሚዛን ማለት ሁለተኛውን እየገፉ ወደ መጀመሪያው መመለስ ነው። ባለፈው የመረመሩት ሁለተኛውን ነው፤ መጀመሪያውን አልጠየቁም። እንደገና የአምሳለን እጅ ያዙ፣ ሦስት ጣታቸውን አንጓዋ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ብዙ ቆዩ። ሲከፍቱ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። መጨረሻ የራባት መቼ ነው?

ፋና ተረጎመች። አምሳለ አፏን ለ«ደህና» ከፍታ ነበር። ዘጋችው። የችግኝ ቤቱ የውሃ ማጠጫ ከውጭ ሲሽከረከር ይሰማል።

«አሁን» አለች።

«አሁን ምን?»

«አሁን ርቦኛል። ሁልጊዜ ርቦኛል። ሌሊት ርቦኝ ነው የምነቃው። ወጡን ስቀምስ ማንኪያውን ልውጠው እደርሳለሁ። ያንን ገብስ ሳየው ማልቀስ ያምረኛል።» ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር፤ ፋና ተርጉማ ሳትጨርስ ቀጠለች። «ሲርበኝ አልዝልም እኮ እኔ፣ እናደዳለሁ! ልጅ ሆኜ ምሳ ትንሽ ከዘገየ ግቢው ይታመስ ነበር። አባባ ሠራተኛዋን ‹ለእሷ አስቀድሚላት፣ ቤቱን ሳታቃጥልብን› ይላት ነበር። ናዝሬት ወፍጮ ቤት፣ ባለወፍጮው ተራችንን ዘልሎ ለጎረቤት ሲፈጭ፣ አሥር ዓመቴ ነው፣ እህላችንን በቁና ይዤ ወጥቼ ከወፍጮው አፍ ደፋሁት። የጎረቤቱ ጤፍ ከእኛ በቆሎ ጋር ተደባለቀ። ሰውዬው ሊመታኝ ሲመጣ ቁናውን ወረወርኩበት። አባባ ከሰውዬው ጋር እስኪታረቅ ወር ፈጀበት።» ሳቀች። ፋና ይህን ታሪክ ሰምታ አታውቅም፤ ቁና በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባልም ጠፋባት፣ በእጇ አሳየች። ሚስስ ራኦ ጠረጴዛውን መታ አድርገው ሳቁ። የቁናውን ውርወራ ለመረዳት ትርጉም አላስፈለጋቸውም።

ብርሃኑ ግን አልሳቀም። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» አላት።

«ማን ጠየቀኝ? እሳቸው አንተን ያያሉ፣ አንተ ትመልሳለህ።»

«እኔ እንዲህ ያለች ሴትዮ አላውቅም። ስድስት ዓመት አብረን ኖረን፣ አንድ ቀን እንዲህ ስታወሪ አላየሁሽም።»

«ከየት ታየኛለህ?» አለች አምሳለ። አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «አንተ የምታየኝ ስተኛ ነው።»

ይህን ፋና አልተረጎመችም፤ ሚስስ ራኦም ምን ተባለ ብለው አልጠየቁም። ውኃቸውን ጠጥተው ፍርዳቸውን ተናገሩ። ይህች ሴት ፒታ ናት፤ እንደ ባሏ። እሳት ናት፣ ያውም ባዶ ሆድ ላይ የተለኮሰ። ብርሃኑ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ሶ! ጭራሽ እሳት ከሆነች እሳት ፊት መቆም የለባትም ማለት ነው! አላልኩም? ሥራውን መተው አለባት።» ሚስስ ራኦ እጃቸውን አነሱ። ሙቀቱ አይስማማትም፣ እውነት ነው፤ መስኮት ይከፈትላት፤ በርበሬም ትቀንስ። ሥራ ትተው ግን አላሉም። ሥራውን መሸከም የማይችለው ካፋ ነው ያለው ማን ነው? ካፋ ብትሆን ኖሮማ ከማንም በላይ ትሸከመው ነበር፤ እንደ ካፋ የሚችል የለም። ይህን ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም አሉት። ብርሃኑ ተመልሶ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፋና አዘነችለት፤ ወዲያው ደግሞ ማዘኗ አናደዳት።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ ሚስስ ራኦ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ትብላ። ዋናው ምግቧ እሱ ነው። ቆማ አይደለም፣ እየቀመሰች አይደለም። ቁጭ ብላ፣ ጠግባ። ፋና እህቷ ምግብ ቤት እንደምትሠራ፣ እኩለ ቀን ላይ እንኳን መብላት መተንፈሻም እንደሌለ ልታስረዳቸው ሞከረች። ሴትዮዋ ትከሻቸውን ሰበቁ፤ ስለ ምግብ ቤት አያውቁም፣ ስለ ሰውነቷ ነው የሚናገሩት። ሲወጡ ለአምሳለ በትንሽ ጠርሙስ ቅቤ ሰጧት። አምሳለ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። «ንጥር ቅቤ እኮ ነው!» አለች፤ «ኮሰረት ብቻ ነው የጎደለው።» ጣቷን ነክራ በሩ ላይ ቆማ ላሰችው።

ሲመለሱ ፒኮ መንገድ ላይ ብርሃኑ «አሁን ሌላ ሰው ነሽ ማለት ነው?» አለ። «ያው ነኝ» አለች አምሳለ። ብርሃኑ ከዚያ በኋላ ቀይ መብራት ላይ ሳይቀር መሪውን አልለቀቀም። ምግብ ቤቱ በር ላይ ፓርክ ማድረጊያ ስላልነበረ ሁለቱን አወረዳቸውና ቦታ ሊፈልግ ሄደ።

የእትዬ ካሰች ቤት በአሮጌ ዕቃ መሸጫና በአንድ ልብስ ሰፊ መካከል ያለ ጠባብ ቤት ነው። ጠረጴዛዎቹ በሙሉ ተይዘዋል። ታክሲ ነጂው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ከፊልም ኩባንያ የመጡ አምስት ነጮች፣ ልጅ የታቀፈች ሴት። ጥብስ ሲንቻቻ ይሰማል፤ ትእዛዙ ግን ተከምሯል፤ ወጥ ቤት ያለችው ረዳቷ ሮማን ብቻዋን ናት። እትዬ ካሰች ገንዘብ መቀበያው ጋ ከፍ ባለ ወንበር ላይ፣ ያበጠ ጉልበታቸውን በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ተስፋሁን ሦስት ትሪ በአንድ እጁ ተሸክሞ ሲያልፍ «አረ የት ጠፋሽ አምሳለ፣ ክትፎ የሚሉ ሰዎች እኔኑ ሊከትፉኝ ነው!» አላት።

እትዬ ካሰች ቀና ብለው አዩአትና ዓይናቸውን መለሱ። «ባልሽ ነግሮኛል። ምንም አይደለም፣ ግድ አይባልም። ሽርጥሽን ልበሺና ሮማንን አግዣት።»

«እሱ ነው የነገረዎት» አለች አምሳለ። «እኔ አልነገርኩዎትም።»

«ባልና ሚስት መሃል አልገባም እኔ። ለአስፋው ደውያለሁ፤ ቲኬት ሊቆርጥ ነው።»

«ቆርጧል?»

«ማታ ይቆርጣል።»

«እንግዲያው ይተወው። እሺ ብያለሁ። ግማሹን እይዛለሁ።»

እትዬ ካሰች ድምፅዋን ሰምተው ሙሉ ለሙሉ ዞሩ። ፋና ወደ እህቷ ጠጋ አለች። አለቀ፣ ተናገረች! አሁን ሴትዮዋ እሺ ይበሉ፣ አምሳለ ሽርጧን ትልበስ፣ ሌላው ሌላ ቀን ይደርሳል። ግን አምሳለ አልጨረሰችም። «አንድ ነገር ነው የምለው» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ምሳዬን በምሳ ሰዓት ቁጭ ብዬ እበላለሁ።»

«በምሳ ሰዓት?» አሉ እትዬ ካሰች። «ይሄ ሁሉ እንግዳ እያየሽ?»

«እያየኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ አሞሻል? ወጥ የሠራች ሴት የምትበላው መጨረሻ ነው፤ ያውም ከተረፈ። እናቴም እንዲያ ነበረች። እኔ ይህን ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ምሳ በልቼ አላውቅም!»

«አውቃለሁ እትዬ» አለች አምሳለ።

ፋና ክንዷን ያዘቻት። «አምሳልዬ፣ ለዛሬ ተይው» አለች በሹክሹክታ፤ «መጀመሪያ እሺ ይበሉሽ። እሱን በኋላ ትነጋገሩበታላችሁ። ሰው ሞልቷል፣ በአምላክ!» አምሳለ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ወጥ ቤት ገባች። ስትዘገይባቸው ፋና ሥራ የጀመረች መሰላት፤ ተንፈስ አለች። አምሳለ ግን በሳህን እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመንና አይብ ይዛ ወጣች፤ ሽርጥ አልለበሰችም። መስኮቱ ሥር አንድ ሰው ሂሳብ ከፍሎ ሲነሳ ቦታውን ያዘች። እጇን ታጥባ ነበር፣ ጣቶቿ ገና ውሃ ያንጠባጥባሉ። ባረከችና መብላት ጀመረች።

ሰዉ ሁሉ እየዞረ ያያት ጀመር። የፊልም ኩባንያው ሰዎች ብቻ ምንም ሳይገባቸው ያወራሉ። ከጥግ ሁልጊዜ ብቻቸውን የሚበሉት ጋሼ መኩሪያ አንገታቸውን አስግገው «ምነው፣ አሟት ነው?» ብለው ጠየቁ። ተስፋሁን «ደንበኛ ናት ጋሼ፣ ቲፕ እንደምትሰጥ ግን አላውቅም» አላቸው፤ ራሱም ግን ትሪውን የሚያደርስበት ጠፍቶት መሃል ላይ ቆሟል። ከውስጥ ሮማን «ሁለት ክትፎ! ማነው የሚያነሳው?» እያለች ትጮኻለች። አምሳለ አልዞረችም። ትጎርሳለች፣ ታኝካለች፣ ውሃዋን ትጠጣለች። እየቸኮለች አልነበረም፤ እየተዝናናችም አልነበረም። ሥራ እንደ ያዘ ሰው ነው የምትበላው። ፋና ሄዳ ሳህኑን ልትነጥቃት፣ «በቃሽ፣ ሁሉንም ልታጪ ነው» ልትላት እየፈለገች በቆመችበት ቀረች። እህቷ ቁጭ ብላ ስትበላ አይታ እንደማታውቅ አሁን ነው ያስተዋለችው፤ ለዚህ ደግሞ ጊዜው አሁን መሆኑ አቃጠላት።

እትዬ ካሰች ብዙ አዩአት። ከዚያ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ከሳጥኑ አወረዱት፤ ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ። «አስፋውን ማታ አትምጣ እለዋለሁ» አሉ፣ ለማን እንደተናገሩ ሳይታወቅ፣ እንደ ተቆጣ ሰው። ግንቡን እየያዙ እያነከሱ ወጥ ቤት ገቡ። የአምሳለን ሽርጥ ከሚስማሩ አንስተው አሰሩ። ወዲያው ድምፃቸው መጣ። «ተስፋሁን! ጥብሱ የማን ነው? አንቺ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ምሰሶ አትገተሪብኝ፤ ሳህን አቀብዪኝ!»

ፋና ሮጠች። ሳህኖቹ ከየት እንደሚነሱ አታውቅም፤ እርጥቡን ከደረቁ ጋር አቀላቅላ ተሸከመች፤ እትዬ ካሰችም ስለ ትምህርቷ የተናገሩት ነገር የሚደገም አልነበረም። በማቀበያው መስኮት በኩል ብርሃኑ ሲገባ አየችው። መኪናውን አርቆ ፓርክ አድርጎ በእግሩ ስለመጣ ላብ አጥምቆታል። በሩ ላይ ቆሞ ሚስቱን ወጥ ቤት ፈለጋት፣ አጣት፣ ከዚያ መስኮቱ ሥር አገኛት። እንጀራውን ስትቆርስ፣ ምስሩን ስትጠቀልል፣ ስትጎርስ ቆሞ አያት። መንገድ ላይ ያሰበው ነገር እንዳለ ፊቱ ያስታውቃል። በጠረጴዛዎቹ መሃል አልፎ ፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር ሳበ።

«ስሚ፣ አምሳለ፣ እኔ እኮ...»

አምሳለ ፊቷን ሳታነሳ ቅባት የነካ እጇን ከፍ አደረገች።

«ቆይ» አለችው። «በልቼ ልጨርስ።»

ብርሃኑ የወንበሩን መደገፊያ እንደያዘ ቆመ።